አንድ በሬና ጅራፍ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለፍሬሕይወት፣

«ደም የአባት ነው፤ እናት ማደሪያ ናት።»

ይህን ያለችው ትናንት መናኸሪያ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ናት። ያለችውም ለጓደኛዋ ነው፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ነገሩን በስድስት ቃል ያስቀመጠ ሰው አላጋጠመኝም። ተማሪዎቼ ሁለት ገጽ ጽፈውም አይጨርሱትም ነበር። ስለዚህ እንዳለችው ተቀብዬዋለሁ፤ አንቺም ተቀበይው።

ሰላምታዬ ዘግይቶ መምጣቱን ይቅር በይኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ አንዷለም፣ አባቱ አያ ሙላቴ፣ ቤቱ ሁሉ እንደምን ሰነበተ? ደብዳቤሽን ጨርቅ ነጋዴው ዑመር አድርሶልኛል። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የእብናትና የደብረ ታቦር ፖስታ ቤት እሱ ሆኗል። በጨርቅ ጥቅሉ መሀል ስለሚያስገባው ጽሑፍሽ አዲስ አቡጀዴ ይሸታል። ሰባተኛ ወርሽን መያዝሽን በማንበቤ ደስ ብሎኛል።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር። ከእኛ ቤት ምን ሊኖር ይችላል ብለሽ ነው? ለሠርግሽ ሰባት ቤት የተቆጠረው እዚሁ እኔ ግቢ፣ ዋንዛው ሥር ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ከእብናት መጥተው ሰባት ትውልድ ድረስ የማን ልጅ የማን ልጅ ሲያሰኙን ዋሉ፤ የእናትሽን ወገን የቆጠርኩላቸው እኔ ነኝ። ሥጋ ዝምድና አልተገኘም። በአጥንታችሁ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ነገርም አልተገኘም። የተገኘው አንድ ጋን ጠላ ነው፤ እሱንም ጨርሰውት ሄዱ።

የመጀመሪያ ልጅሽ ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተበትን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። አያ ሙላቴ እንዳሉት የእትዬ ፈንታነሽ እጅ ነው። አሮጊት ገራዥ፣ ያረጀ ምላጭ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? አሁን ወንድ ከወለድሽ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። እዚያ ጓንት አለ፣ አልኮልም አለ።

አጎትሽ ይሻው


እብናት፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የላኩልኝ የልጅ መጠቅለያ ደርሶኛል፤ አማቴ ገና ሳይወለድ አይታይም ብላ ሣጥን ቆልፋበታለች።

የመናኸሪያዋን ሴት ንግግር እራት ላይ አነበብኩላቸው። ያስቃቸዋል ብዬ ነበር። አንዷለም ጉርሻውን አስቀመጠና፣ ደም የአባት ከሆነ የሞተው ልጅ ጥፋት የኔ ሊሆን ነው ወይ አለ። አባቱ ግን አልተቸገሩም።

«ልጅ ሲያድግ የአባቱ ደም ነው፤ ሲሞት የእናቱ» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ ጋሼ፤ ምን ላድርግ።

ለእትዬ ፈንታነሽ የተደረገውን ሰምተዋል መሰለኝ። ልጄ በሞተ በሳምንቱ በሯ ላይ አመድ ደፉባት። ከዚያ ሰላም የሚላት ጠፋ፤ ከዚያ ድንጋይ መጣ። አሁን ይፋግ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከለማኞች ጋር ትቀመጣለች ይላሉ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። አያ ሙላቴ ሰባት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ሰባቱንም የገረዘች እሷ ናት። አንዱም ከአንድ ቀን በላይ አልደማም። እጇ ክፉ ከሆነ አርባ ዓመት ሙሉ የት ደብቃው ኖረች?

ደግሞ በልጅነቴ እናንተ ዘንድ ስከርም ያየሁት ትዝ ይለኛል። ጥርስዎን የተነቀሉ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ትራስዎ ቀይ ነበር። ጉልበትዎ ያለ ምንም ምት አብጦ ጥቁር ይሆን ነበር። ነፍሷን ይማርና ባለቤትዎ በቀዝቃዛ ጨርቅ ትጠቀልለው ነበር፤ ሰው ሲመጣ በጋቢ ትሸፍነዋለች። ተላጭተውም አይቼዎት አላውቅም። ያኔ ሕፃን ስለነበርኩ የአስተማሪ ሁሉ ወጉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

ጥያቄውን ባልጽፈውም ይገባዎታል። ከመውለዴ በፊት ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ፍሬሕይወት


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፍሬሕይወት፣

የዘገየሁት በዑመር ምክንያት ነው እንዳልልሽ ዑመር ደብዳቤውን ራሱ ስለሚያመጣው ይሰማብኛል። የዘገየሁት በራሴ ነው፤ ይቅርታ።

ጉልበቴ ሪህ ነው። ጢሜ ስንፍና ነው። ጥርሴን የነቀለኝ ሰው ደግሞ ከጥርስ ይልቅ በግ መሸለት የሚያውቅ ነበር። የሕፃን ዓይን ሁሉን ነገር ያገዝፋል፤ እኔም በልጅነቴ የጉና ተራራ ሰማይ የሚነካ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ስወጣው ብርድ ብቻ ነው ያገኘሁት።

አንድ ነገር ግን ልበል። ወንድ ከሆነ ግርዘቱን ትንሽ ብታቆዩትስ? ስምንተኛው ቀን የተወሰነው ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ነው፤ አሁን አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቢቆይ ሰማይ አይወድቅም። ይህ የጡረተኛ ሐሳብ ነው። ጡረተኛ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይበዛበታል፤ ብትተዉትም አልቀየምም።

ቅቤና ማር ልኬአለሁ። ልጄ ትርሐስ ከሳዑዲ ልትመለስ ነው፤ ሰላም ትልሻለች። ስድስት ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋ አሁን የራሴን ልውለድ ትላለች።

ይሻው


እብናት፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ልጁ ታኅሣሥ 18 ቀን ተወለደ። ወንድ ነበር። በስምንተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ጓንት ነበር፤ አልኮልም ነበር። የገና በዓል በዋለ ማግስት ቀበሩት። ወደ ደብረ ታቦር እንዳንመጣ መንገድ ዝግ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልጽፍም። ክርስትና ስላልተነሣ ስም የለውም ይላሉ፤ እኔ አውጥቼለት ነበር፤ እሱንም አልጽፍም።

የርስዎን ሐሳብ ነግሬያቸው ነበር። አጎቴ ቢቆይ ይሻላል አሉ ስላቸው፣ አያ ሙላቴ ደብዳቤውን አሳዪኝ ብለው በልጃቸው አስነበቡት። «ብትተዉትም አልቀየምም» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ «እንግዲህ ካልተቀየሙ» ብለው ተነሡ።

ታምራት የሚባል የጤና መኮንን አለ፤ ወጣት ነው። ልጁ ካረፈ በኋላ ቤታችን ድረስ መጣና ለብቻዬ አስቀምጦ ጠየቀኝ። ስለ አንዷለም ወገን አንድም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ስለ እናቴ ወንድሞች ብቻ ነው። እናቴ ጥሩወርቅ ያላት ወንድም እርስዎ ብቻ ነዎት አልኩት። «ሌሎቹስ?» አለኝ። ሌሎች የሉም አልኩት። «ሌሎቹ የት ሄዱ ነው የምልሽ» አለኝ።

እኔ መልሱን አላውቅም። ጥያቄውን በሌላ ቁራጭ ወረቀት ጽፌ እዚህ ውስጥ አጥፌዋለሁ። አንብበው ያቃጥሉት። የጉናን ተራራ ግን አይጻፉልኝ።

ፍሬሕይወት


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፍሬሕይወት፣

ቁራጯን ወረቀት አቃጥያታለሁ። ሁለት ወር የፈጀብኝ ግን ማቃጠሉ አይደለም።

መልሱ አራት ነው። አያትሽ አራት ወንድ ወልዳለች። ሁለቱ በግርዘታቸው በሳምንቱ፣ ሦስተኛው እንጥሉን ተቆርጦ ሞተ። አራተኛው እኔ ነኝ።

እኔ እንዴት እንደተረፍኩ ጠይቀሻል። ይህን ለእኅት ልጅ መጻፍ ነውር ነው፤ ግን ከነውሩ ሁሉ ትንሹ ይህ ስለሆነ እጽፈዋለሁ። እናቴ በሰባተኛው ቀን አዝላኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረደች፤ አሞኛል ብላ። ሁለት ሱባዔ ከርማ ስትመለስ እዚያው አስገረዝኩት አለች። ማንም ገልጦ አላየም። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ የእናቴ ቃል ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ሴት በአንድ ውሸት ያዳነችውን፣ ልጇ በዲፕሎማ ሊያድን አልቻለም።

አሁን ትምህርቱ። ክፍል ውስጥ የአውሮፓ ነገሥታትን የዘር ሐረግ በሰሌዳ እየሣልኩ ነበር የማስተምረው፤ ቤታችን ያለውን ነገር ለማስረዳት ባሕር መሻገሬ ማንንም አልገረመም። ላንቺ በእኛ አገር ልናገረው።

ሴት ስትፈጠር ሁለት በሬ ይደርሳታል፤ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከአባቷ። አንዱ አንካሳ ቢሆን ሌላው ይስባል፤ እሷ ብዙ ጊዜ ማንከሱን ሳታውቅ ታረጃለች። ወንድ ግን ከእናቱ አንድ በሬ፣ ከአባቱ አንድ ጅራፍ ነው የሚደርሰው። ወንድ የሚያደርገውም ጅራፉ ነው። በአንድ በሬ ይታረሳል ወይ አትበይኝ፤ እግዜር ወንድን ሲፈጥር አልተማከረንም። ያ አንድ በሬ ደህና ከሆነ ይኖራል። አንካሳ ከሆነ ደሙ አይረጋም፤ ጅራፍ ቢያጮኹበት አይረጋም።

አያትሽ አንዱ በሬዋ አንካሳ ነበር። እናት ለልጇ የምትሰጠው ጨለማ በረት ገብታ እጇ የነካውን ነው፤ ደህናውም አንካሳውም እኩል ይወጣሉ። ለእኔ አንካሳው ወጣ፤ ለእናትሽ ለጥሩወርቅ አንካሳው ወጣ፤ ከእናትሽም ላንቺ አንካሳው ወጣ። የአንዷለም ደም ምንም የለበትም። የእትዬ ፈንታነሽም እጅ ምንም የለበትም። ሰው የደነገገው ሕግ ስላልሆነ አያ ሙላቴም አይቀይሩትም።

አንካሳ በሬ ያለው አባትስ? ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ጅራፉን ስለሆነ ወንድ ልጁ ነፃ ነው። ለሴት ልጁ የሚሰጠው በሬውን ነው፤ ያለውም እሱ ብቻ ነው። እዚያ ጨለማ በረትም ዕድልም የለም። ይህን ለፈተና አወጣው ነበር፤ ግማሹ ክፍል ይወድቅበታል።

ሰባት ቤት ስንቆጥር ያልተገኘው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል። በአባትሽ በኩል አባቱን፣ የአባቱን አባት እንላለን። በእናትሽም በኩል እናትሽን አንድ ጊዜ ጠርተን ወዲያው ወደ አባቷ እንዘላለን። ሴቶቹ ከቆጠራው ይወጣሉ፤ ነገሩ ያለው ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ነው። ሌባ በጓሮ ሲወጣ እኛ በደጃፍ ሆነን ሰባት ትውልድ ስንጠብቅ ኖርን።

ሽማግሌዎቹ ግን ባይቆጥሩትም ጠይቀውኛል። በአጥንታችሁ ነገር አለ ወይ አሉኝ፤ የለም አልኩ። ብናገር ማን ያገባሻል ብዬ ነው። ኋላም ስትጠይቂኝ የመናኸሪያ ወሬ ጻፍኩልሽ፤ እውነቱን እንዳልናገር የምትናገርልኝ ሴት በማግኘቴ ነበር የተደሰትኩት። ሁለተኛውን ልጅሽን የገደለው ያ ደብዳቤ ነው። ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ ብጽፈው ስለሚያንስ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

                    

ከእንግዲህ በቤቴ ደጃፍ ሽማግሌ መጥቶ ቢጠይቀኝ ዝም አልልም። ይህን በእናትሽ ነፍስ እምልልሻለሁ።

ይሻው


እብናት፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እኔ ደህና ነኝ። ከአንዷለም ቤት ከወጣሁ አንድ ወር ሊሆነኝ ነው። ገበያው ዳር አንድ ክፍል ተከራይቼአለሁ፤ የዑመር እኅት ሩቅያ የልብስ ስፌት መኪናዋን ግማሽ ቀን ትሰጠኛለች።

ደብዳቤዎን በሽማግሌ ፊት ራሴ አነበብኩት፤ የወንዛዬውን ዘልዬ። እንዳነብ ያስገደደኝ የለም። እትዬ ፈንታነሽ ንጹሕ መሆኗ እንዲሰማ ብዬ ነው። የበሬውን ምሳሌ በጣም ወደዱት፤ አንደኛው ሽማግሌ ድገሚው ብሎ አስደግሞኛል። ሲያልቅ አያ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«እንግዲህ ተማርን። አንካሳ በሬ ወደ ገበያ ይመለሳል» አሉ።

አንዷለም መሬት መሬት ያይ ነበር። በፋሲካ ሳምንት ሌላ ታጨችለት። ሰባት ቤት ቆጥረዋል።

እትዬ ፈንታነሽ ትመለስ ወይ ስል ይታያል አሉኝ። ሁለት ዓመት የተሰደበ ሰው ቢመለስ ሰዳቢው የት ይገባል አሉ። ስለዚህ እኔው ይፋግ ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች፤ ልማድ ሆኖባት ነው። እግሯ ላይ ወድቄ ሁሉን ነገርኳት፤ የአያቴን ስም ስጠራ አቋረጠችኝ።

«የደብረ ታቦሯ? ሁለቱን ልጆቿን የገረዘችላት እናቴ ናት» አለች። «ወደ እብናት የተሰደድነው በዚያ ነው። አመድ ደፍተውብን።»

ከዚያ ምሳዋን አብሬያት በላሁ።

አሁን ጥያቄዬ። ከዚህ ቀደም በቁራጭ ወረቀት እያጠፍኩ ነበር፤ ዛሬ በግልጽ እጽፈዋለሁ። ደብዳቤዎን እያነበብኩ ሽማግሌዎቹ በሬውን ሲያስደግሙኝ፣ በሁለተኛው ላይ ነው የገባኝ። አንካሳ በሬ ያለው አባት ለሴት ልጁ ዕድል አይሰጣትም ብለዋል። እኔ ግማሽ ዕድል ነበረኝ፤ ወጣብኝ። ትርሐስ ግን የርስዎ ልጅ ናት። በእሷ ላይ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ አንካሳው እንዳላት የተረጋገጠ ነው። ወንድ ስትወልድ ደግሞ እንደ እኔ ጨለማ በረት ውስጥ ነው እጇን የምትሰደው።

ጋሼ፣ ለትርሐስ ነግረዋታል?

ፍሬሕይወት


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፍሬሕይወት፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ከአንዷለም ቤት መውጣትሽን ስሰማ አዘንኩ፤ የስፌቱን ስሰማ ግን ደስ አለኝ። በዑመር እጅ ብርድ ልብስና ጤፍ ልኬልሻለሁ። ለእትዬ ፈንታነሽም አንድ ነጠላ አለበት፤ ከማን ነው ካለችሽ ከወንዛዬ በያት።

በእናቷ ላይ ደረሰ ብለሽ የጻፍሽውን አላውቅም ነበር። እናቴ ገራዧ ሞተች ነበር ያለችኝ። እናቴ እንደምታውቂው ስትዋሽ ጎበዝ ነበረች።

ትርሐስ ከተመለሰች ቤቱ ደምቋል። ትልቅ ፍሪጅ ይዛ መጥታለች፤ መብራት እስኪመጣ ድረስ በርበሬ እናስቀምጥበታለን። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን በዘይት ታሽልኛለች። ሪህ ነው አይደል አባባ ትለኛለች፤ እዚያ አሮጊት ታስታምም ስለነበር ሪህ አውቃለሁ ትላለች። ስትስቅ ጥሩወርቅን ትመስላለች።

ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ፈተና ሳወጣ ሳይጠየቅ ወደ ራሴ ቤት ያዞረው ተማሪ አልነበረም፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን አሥር ከአሥር እሰጥሽ ነበር።

ትርሐስ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የሚያገባት ልጅ ከእስቴ ነው፤ መንገድ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ፣ ጨዋ፣ ለእናትና አባቱ አንድያ ወንድ። ለሠርጓ የምትለብሺውን ራስሽ ብትሰፊው ደስ ይላታል፤ አረንጓዴ ትወዳለች።

ሠርጉ ግንቦት 25 ቀን ነው። ባለፈው እሑድ አራት ሽማግሌዎች መጥተው ዋንዛው ሥር ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ በአጥንታችሁ ነገር አለ ወይ ተባለ፤ አልተገኘም። የቆጠርኩላቸው እኔ ነኝ።

አጎትሽ ይሻው